መንገዱን ማን ይከፍላል? ከአዲስ አበባ ዳር ሆኖ ያገለገለ ዕቃ መሸጫና መግዣ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ጥር ላይ አንድ ሰው ከጀሞ ኮዬ ፈጬ ድረስ ማቀዝቀዣዬን ሊያይ መጣ። ሦስት ቀን በቴሌግራም ተጻጽፈናል፣ በ24 ሺህ ብር ተስማምተናል። «ጠዋት 4 ሰዓት እደርሳለሁ» ያለው ሰው 7 ሰዓት ደረሰ። አራተኛ ፎቅ ወጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ውስጡን አሸተተ፤ ከዚያ «በ15 ሺህ ከሆነ አሁኑኑ እጭነዋለሁ» አለ። እኔ ተናደድኩ፣ እሱም ተናደደ። የእሱ ንዴት ዳማስ ተከራይቶ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ስለመጣ ነው። የእኔ ደግሞ ሁለት ሌሎች ጠያቂዎችን «ተይዟል» ብዬ ስለመለስኩ። ማቀዝቀዣው እዚያው ቆሞ ቀረ፣ ዳማሱ ባዶውን ተመለሰ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ዕቃ ልሸጥም ልገዛም ስነሳ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ቃል ቢፈርስ መንገዱ በማን ላይ ይቀራል? ገርጂ ያለ ሻጭና ቦሌ መድኃኔዓለም ያለ ገዢ ባይስማሙ የከሰሩት ግማሽ ሰዓት ነው። ከጀሞ የካ አባዶ፣ ከቡራዩ ቱሉ ዲምቱ የሄደ ሰው ግን የሚያጣው ግማሽ ቀን፣ የመኪና ኪራይና ከመሥሪያ ቤት ለምኖ ያገኘውን ፈቃድ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን መንገዶች ያነጻጸርኩት በየትኛው ቶሎ ይሸጣል በሚለው ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱ ወግ አለው፤ የአንዱን ወግ ይዞ ሌላው ጋ የሄደ ሰው ባለጌ ወይም ሞኝ ይባላል።

ቴሌግራም፦ ባለ አድሚን ቻናል ወይስ ክፍት ግሩፕ?

ዳር ያለን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከዚህ ነው። በባለ አድሚን ቻናል ፎቶውን ለአድሚኑ ትልካላችሁ፣ እሱ ይለጥፋል። አንዳንዱ የእናንተን ስልክ ያወጣል፤ አንዳንዱ የራሱን አውጥቶ ዋጋው ላይ ትርፉን ይጨምራል። የትኛው እንደሆነ ከመለጠፉ በፊት ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ የልጅ አልጋ በ6 ሺህ ሰጠሁ፤ አድሚኑ 8 ሺህ ብሎ ለጥፎት ኖሯል። ገዢዋ ቤቴ መጥታ 6 ሺህ የሚለውን ከእኔው አፍ ስትሰማ የሁለታችንም ፊት ጠቆረ። አልጋውን ወሰደችው፣ ግን እስከ በሩ ድረስ ከአድሚኑ ጋር የተመሳጠርኩ መስሏት ነው የሄደችው። ለለፋበት ሰው መክፈል ነውር የለውም፤ ገዢው ሳያውቀው ከኪሱ ሲሆን ነው የሚያስጠላው።

ክፍት ግሩፕ ላይ አድሚን በመሃል የለም፣ ነፃ ነው፣ ግን ጫጫታ ነው። ጠዋት የለጠፋችሁት እስከ ምሳ ድረስ በሌላው ማስታወቂያ ተቀብሮ ይቀራል። በየሰዓቱ መልሶ መለጠፍ ግን ሰውን ያሰለቻል፣ ከግሩፑም ያስወጣል፤ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። የቻናሉ ጥቅም ማስታወቂያው ቶሎ አለመቀበሩ ሲሆን፣ የግሩፑ ጥቅም ገዢውና ሻጩ ያለ ሦስተኛ ሰው መነጋገራቸው ነው። እኔ ትናንሽ ዕቃዎችን (ብረት ድስት፣ የጫማ መደርደሪያ፣ የሕፃን ጋሪ) ግሩፕ ላይ፣ ውድ የሆነውን ቻናል ላይ አወጣለሁ።

በሁለቱም ቦታ የሚያናድደው «ለዋጋው ኢንቦክስ» የሚለው ልማድ ነው። ሻጩ ለምን ዋጋውን እንደሚደብቅ ይገባኛል። ጎረቤት እንዳያይበት ይፈልጋል፣ ወይም ጠያቂውን በፕሮፋይል ፎቶው መዝኖ እንደሰውየው ዋጋ ሊሰጥ ያስባል። መሃል ከተማ ላይ ይህ ምናልባት ያዋጣል። ከዳር ለሚሸጥ ሰው ግን ኪሳራ ነው፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው ሰው ብዙ ሆኖ የሚመጣው ጥቂት ነው፣ ዋጋውንም ቦታውንም ሳያውቅ የጠየቀ ሁሉ «ኮዬ ነው» ሲባል ይጠፋል። ዋጋውን፣ ሠፈሩን፣ ፎቁን በማስታወቂያው ላይ ጻፉ። «ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም» የሚል ማስታወቂያ ጠያቂ ይቀንሳል፣ የሚቀረው ግን መኪና ይዞ የሚመጣው ነው።

እንደ ጂጂ ያሉ መተግበሪያዎች

እዚህ ዋጋው በግልጽ ይቀመጣል፣ ዕቃው በየምድቡ ይደረደራል፣ ማስታወቂያውም ለቀናት ይቆያል። ለመኪና፣ ለስልክ፣ ለላፕቶፕ ከቴሌግራም ይልቅ ይሄ ይሻላል፤ ገዢው አሥሩን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያወዳድራልና። ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው፤ አሥሩን የሚያወዳድር ሰው አሥሩም ጋ ይደውላል፣ ለአሥሩም «እመጣለሁ» ይላል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የመጣን «እመጣለሁ» እንደ ቀጠሮ አትቁጠሩት። ዳማስ ተሳፍሮ «መንገድ ላይ ነኝ» እስኪል ድረስ ለሌላው ሰው «ተይዟል» አትበሉ። ገዢም ከሆናችሁ ለዘጠኙ «ሌላ አገኘሁ፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ይህን የሚያደርግ ሰው እስካሁን ሁለት ብቻ ነው የገጠመኝ፣ ሁለቱንም አስታውሳቸዋለሁ።

የሳይት ግሩፕ

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በየሳይቱ፣ አንዳንዴም በየብሎኩ ግሩፕ አላቸው። የተከፈቱት ስለ ውኃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ጥበቃ ክፍያ ለመነጋገር ነው፤ ቀስ በቀስ ግን ሶፋና ምጣድ ይሸጥባቸዋል። እኔ ለከባድ ዕቃ ከሁሉም የማስቀድመው ይህንን ነው። መንገድ የለውም። ገዢው ከብሎክ 40 ወደ ብሎክ 52 ነው የሚያሻግረው፣ ጓደኛውን ጠርቶ በእጁ ይወስደዋል።

ወጉ ግን ከሌላው ሁሉ ይለያል። የምትሸጡለት ሰው ነገ ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ፣ በእድር አብራችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ልጁ ከልጃችሁ ጋር ይማራል። ስለዚህ ጉድለትን ደብቆ መሸጥ እዚህ አይታሰብም፤ «ይቺ ጎኗ ትንሽ ታፈሳለች» ተብሎ አስቀድሞ ይነገራል። ዋጋውም ከውጭው ዝቅ ይላል፣ ክርክሩም አጭር ነው። በሌላ በኩል «ደመወዝ ሲወጣ እሰጥሻለሁ» የሚል ይመጣል፣ እምቢ ማለት ይከብዳል። የእኔ ዘዴ፦ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ወር ሲወጣ፣ ቀኑ በግል መልእክት ተጽፎ። ግሩፑ ላይ በፍጹም አይጠየቅም። በ300 ሰው ፊት «ያቺ የሶፋ ቀሪ ሂሳብ» የሚል መልእክት የለጠፈ አንድ ጎረቤታችን ገንዘቡን አግኝቷል፣ ሰላምታውን ግን አጥቷል።

ግሩፑ ለሽያጭ እንዳልተከፈተም አትርሱ። ውኃ ጠፍቶ ሰው ሲጮህ በመሃል «ያገለገለ ቁም ሳጥን» ብሎ መለጠፍ ያስወግዛል።

ደላላ፣ ቆራሌው፣ ልዋጭ

ደላላ ለቤትና ለመኪና ነው፤ በተለምዶ 2 በመቶ ይጠይቃል። ለአንድ ማቀዝቀዣ ደላላ መጥራት አያዋጣም። ከጠራችሁ ግን አንድ ሕግ አለ፤ ደላላው ያመጣውን ገዢ ከጀርባው በስልክ ጠርቶ መጨረስ አይገባም። ዳር ሠፈር ውስጥ ደላላው የታክሲ ተራ አስከባሪውንም የሱቁን ባለቤትም ያውቃል፣ ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ቤታችሁ ይገባል።

ቆራሌው ደጅ ድረስ ስለሚመጣ መንገዱ ሙሉ በሙሉ በእሱ ላይ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። የተሰበረ ወንበር፣ የነደደ ምጣድ፣ ባዶ ጀሪካን ለእሱ ነው። ልብስና ጫማ ከሆነ ልዋጭ የሚሉት በሳህንና በባልዲ ይቀይሯችኋል። ሁለቱንም የሚሠራ ዕቃ አታሳዩአቸው፣ ያን ጊዜ የሰማችሁት ዋጋ ቀኑን ሙሉ ያበሳጫችኋል። አንዴ ከሦስተኛ ፎቅ ጠርቶ አስወጥቶ ደግሞ «ተወው» ማለት ግን ደግ አይደለም፤ ያ ሰው ጆንያውን ተሸክሞ ነው የወጣው።

ሰላምታ፦ አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ?

በአማርኛ የማያውቁትን ሰው በጽሑፍ ማነጋገር አንድ ችግር አለው፤ ግሱ ራሱ ወንድ ወይስ ሴት ብሎ ያስገድዳል። የቴሌግራም ስሙ አንድ ፊደልና የአበባ ፎቶ ከሆነ ማን ያውቃል? እኔን ሴቷን «ወንድሜ፣ ትቀንሳለህ?» ያለኝ ብዙ ነው። ሦስት ምርጫ አለ። ገምቶ «አንተ» ማለት ፈጣን ነው፣ ሲስት ግን ያስቃል ወይም ያስቀይማል። «እርስዎ» ማንንም አያስቀይምም፣ ግን ለ20 ዓመት ልጅ ሲሆን እንደ ቀበሌ ደብዳቤ ይከብዳል። ሦስተኛው መንገድ ሰውየውን ትቶ ዕቃውን ማናገር ነው፦ «ሰላም፣ አልጋው አለ? ዋጋው ላይ ድርድር ይኖረዋል?» እኔ በዚህ ጀምሬ ድምፁን በስልክ ስሰማ ወደ «ወንድሜ» ወይም «እህቴ» እገባለሁ፤ እድሜው ከገፋ ወደ «አባባ»፣ ወደ «እትዬ»። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ስትሄዱ ደግሞ ንግግሩ መጨረሻ ላይ በኦሮምኛ «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ማለት ፊትን ያፈካል፤ ዋጋ ሲቀንስ አይቻለሁ ባልልም።

ያለ ሰላምታ «ዋጋ?» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። እንደ ባለጌ አትቁጠሩት፣ ምናልባት ሥራ ላይ ሆኖ ነው። ሚስኮል አድርጎ የሚጠብቅ ገዢ ግን ሌላ ነው። ለመግዛት የፈለገው እሱ ሆኖ ሳለ የመደወያውን ሂሳብ ሻጩ ላይ የጣለ ሰው የመኪናውንም ኪራይ ሊጥል ይችላል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ፣ ዓርብ ቀትር ጁምዓ ሰዓት ላይ መደወልም ተዉት፤ የማያነሳው ስልክ ላይ ስድስት ጊዜ መደወል ዕቃውን አያስቆይም።

ቁርጥ ዋጋ ወይስ ድርድር?

«ዋጋው ቁርጥ ነው» ብሎ መጻፍና ከፍ አድርጎ ጠርቶ ለድርድር ቦታ መተው ሁለቱም ያስኬዳሉ። ልዩነቱ ድርድሩ የሚካሄድበት ቦታ ላይ ነው። ቁርጥ ካላችሁ ቁርጥ ይሁን፤ ቁርጥ ብሎ አምስት ሺህ የሚቀንስ ሻጭ ቀጥሎ «ይሠራል» ሲል ማን ያምነዋል? ድርድር ካለው ደግሞ ድርድሩ ከመንገዱ በፊት በስልክ ይለቅ። «የመጨረሻው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ሻጭ ያናድዳል፣ እኔ ግን ከሩቅ ከሚመጣ ሰው ሲሆን ተገቢ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ሰውየው ዳማስ ሳይከራይ ነው የሚጠይቀው።

በስልክ የተቆረጠ ዋጋ በር ላይ የሚቀንሰው አንድ ነገር ሲገኝ ነው፤ በማስታወቂያው ያልተነገረ ጉድለት። የማቀዝቀዣው ጎማ ተቀዷል፣ የላፕቶፑ ባትሪ ሞቷል፣ ሶፋው አይጥ ነክሶታል። ያን ጊዜ ቀንስ ማለት የገዢው መብት ነው። ያለዚያ ደርሶ ዋጋ መስበር የሻጩን ድካም ተስፋ አድርጎ መምጣት ነው። ሻጭም በተራው ገዢው መንገድ ላይ እያለ «ሌላ ሰው ሁለት ሺህ ጨመረልኝ» ብሎ መደወል የለበትም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ «ዶላር ጨምሯል» የሚለው ሰበብ ያገለገለ ሹካ ላይ ሳይቀር ይመጣል። ከውጭ የሚገባው አዲሱ ሲወደድ ያገለገለውም መወደዱ እውነት ነው። ግን ዶላሩ ገዢው ቃሊቲ ሲደርስ አልጨመረም።

ቀብድ፦ መቼ ይሰጣል፣ መቼ አይሰጥም?

ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሻጭ ቀብድ የሚፈልገው ዕቃውን ለአንድ ሰው ብሎ ሲያስቀምጥ ሌላ ገዢ ስለሚያመልጠው ነው። ገዢ ቀብድ የሚፈራው ደግሞ ያላዩት ዕቃ ላይ ከፍሎ ስልኩ የጠፋበትን ሰው ታሪክ ስለሰማ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። በእኔ አመለካከት መለያው ያው የመንገዱ ጥያቄ ነው። ገዢው ገና ዕቃውን ለማየት የሚመጣ ከሆነ መንገዱን የሚከፍለው እሱ ነውና ከእሱ ላይ ቀብድ መጠየቅ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። ሻጭ በዚህ ጊዜ መስጠት ያለበት ሰዓት ነው፦ «እስከ 8 ሰዓት አስቀምጥልሃለሁ፣ ካለፈ ለሌላው እሰጣለሁ።» ገዢው አይቶ ወዶት መኪና ነገ ይዤ እመጣለሁ ካለ ግን ከዚያ ወዲያ ያለው አደጋ የሻጩ ነው፤ ቀብድ እዚያ ላይ ይሰጥ።

ሕጉም ስለ ቀብድ የሚለው አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ባለው ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ላይ ይታሰባል። ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ሰጪው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያውቃል፣ ሁለተኛውን ይረሳል። ገዢ ሲቀር «ቀብዱ ቀረበት» የሚል ሻጭ እሱ ራሱ ሐሳቡን ሲቀይር የተቀበለውን ብቻ መልሶ ጨዋ የሆነ ይመስለዋል።

አንድ ጊዜ ለገጣፎ ካሉ ሽማግሌ የልብስ ስፌት መኪና ልገዛ 1,500 ብር ቀብድ ሰጠሁ። በማግስቱ ደወሉ፤ ልጃቸው «የእማዬን መኪና አትሸጥም» ብላ አልቅሳለች። ብሬን ይላኩልኝ አልኩ፣ 3,000 ላኩ። ተሳስተዋል ብዬ ደወልኩ። «አልተሳሳትኩም ልጄ፣ ቀብድ ነው» አሉኝ። ትርፉን ልመልስ ብል ስልኩን ዘጉት። ለ1,500 ብር ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው እንደሌለ እኔም እሳቸውም እናውቃለን።

መጠኑ ስንት ይሁን? እኔ የምይዘው ልክ የአንድ ደርሶ መልስ ጭነት ኪራይ ያህል ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ሻጭ ያሳስበኛል፣ ከዚያ በታች የሚሰጥ ገዢ ሌላ ዕቃ እያየ ነው። በባንክ ወይም በቴሌብር ስትልኩ ምክንያት በሚለው ቦታ «የማቀዝቀዣ ቀብድ» ብላችሁ ጻፉ። በጥሬ ብር ከሆነ ዋጋውን፣ ቀብዱንና ዕቃው የሚነሳበትን ቀን በመልእክት ተላላኩ፤ «ተቀብያለሁ» የምትል አንድ ቃል በኋላ ብዙ ክርክር ታድናለች።

ቤት ወይስ መንገድ?

ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ጫማ፣ ሰዓት፣ ማለትም በእጅ የሚያዝ ነገር ሁሉ መንገድ ላይ ይሁን፣ በቀን፣ ሰው ባለበት። ሁለቱም ከዳር ከሆኑ መሃል ላይ ተገናኙ፤ አንዱ ከአያት፣ ሌላው ከቃሊቲ ከመጣ ሁለቱም የባቡር መስመር ዳር ናቸውና መስቀል አደባባይ ይቀርባቸዋል። መንገዱ እኩል ሲካፈል ዋጋ የመስበር ፍላጎትም ይቀንሳል። ስልክ ስትገዙ *#06# ደውላችሁ የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ፣ የሻጩን መታወቂያም ለማየት ጠይቁ። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት ራሱ ስለሚያስጠይቅ ይህ ስድብ አይደለም። «ቅር አይበልህ፣ ከማንም ነው የምጠይቀው» ብሎ መጀመር ነገሩን ያለሰልሰዋል።

ትልቅ ዕቃ ግን ቤት ነው የሚታየው። ሴት ብቻዋን ከሆነች ጎረቤት ትጥራ፣ ገዢም አብሮት ሰው እንደሚመጣ አስቀድሞ ይናገር፤ «አንድ ነኝ» ብሎ ሦስት ሆኖ የሚመጣ ገዢ በር ላይ ቢመለስ አይከፋው። ሰዓቱን ስትናገሩ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት በኋላ» በሉ። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት፣ አፋችን በሐበሻ ሰዓት እየሄደ «2:00» የሚል መልእክት ተጽፎ አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት የተገኘበት ቀጠሮ አውቃለሁ። የሐበሻ ቀጠሮ የሚባለው መዘግየት እዚህ ላይ ሲጨመርበት ቀኑ አለቀ።

ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዕቃ የምትሸጡ ከሆነ ገዢው ከመነሳቱ በፊት መብራት መኖሩን አረጋግጡለት። መንገድ ላይ እያለ ከጠፋ ደውሉ። ሻጭ ሊያደርገው ከሚችለው ትሕትና ሁሉ ርካሹ ይህ ነው፣ እኔ ግን ሰበታ ድረስ ሄጄ ጨለማ ቤት ውስጥ ምጣድ «ይሠራል፣ እመኚኝ» ተብያለሁ።

ስለ ቡና አንድ ነገር። የመጣን ሰው በባዶ አፍ መሸኘት ያሳፍረናል፣ ደግሞ አቦሉን ጠጥቶ ዋጋ መጨቃጨቅም ያሳፍራል። አንዳንድ ሻጭ ይህን አውቆ ቡናውን ያስቀድማል። እኔ ውኃ አቀርባለሁ፣ ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ቡናው ይመጣል።

ጥሬ ብር ወይስ ዝውውር?

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ፣ የባንኮቹም የሞባይል አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ ሰው ብዙ ብር ይዞ ከተማ አያቋርጥም። ለገዢ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ 24 ሺህ ብር በኪስ ይዞ በሚኒባስ መሄድ ያስጨንቃል። ለሻጭ ግን አዲስ አደጋ መጣ፤ የተቀነባበረ ደረሰኝና የሐሰት መልእክት። ደንቡ ቀላል ነው፦ የገዢውን ስልክ አትመልከቱ፣ የራሳችሁን ሂሳብ ተመልከቱ። ቴሌብር ከሆነ *127#፣ ንግድ ባንክ ከሆነ *889# ወይም መተግበሪያው። ገንዘቡ ካልታየ ዕቃው አይነሳም።

እዚህ ላይ ነው ጨዋነት የሚፈተነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ብሩ ከገዢው ወጥቶ ሻጩ ጋ ሳይደርስ ይንጠለጠላልና። ገዢ «አታምኚኝም ወይ?» ማለት የለበትም፣ ሻጭም ሌባ እንዳገኘ አይቁጠረው። ተቀመጡ፣ ጠብቁ። ለዚህ ነው ዝውውሩ ጫኞች ከመጠራታቸው በፊት መደረግ ያለበት፤ አራት ሰው ትከሻ ላይ የተሰቀለ ቁም ሳጥን ማንንም ትዕግሥተኛ አያደርግም።

ጭነቱ

ኮንዶሚኒየም ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ከዕቃው ዋጋ ይልቅ የሚያጨቃጭቀው ማውረዱ ነው። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ጂ ፕላስ 4 ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም፣ ደረጃውም ጠባብ ነው። በር ላይ ደግሞ የአካባቢው ጫኝና አውራጅ ልጆች አሉ፤ የሚጠሩት ዋጋ አንዳንዴ ከዳማሱ ኪራይ ይበልጣል። ማን ይክፈል? ሁለት ልማድ አለ። አንዱ «ዕቃው ከተሸጠ ጀምሮ ሁሉም የገዢው ነው» ይላል። ሌላው ከሻጩ በር እስከ መኪናው ያለውን ለሻጩ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለገዢው ይሰጣል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የሠፈሩን ልጆች የሚያውቃቸው፣ ዋጋቸውንም ማስቀነስ የሚችለው ሻጩ ነው። ገዢው እንግዳ ስለሆነ የሚጠራለት ዋጋ ሌላ ነው። የትኛውንም ብትመርጡ ከመኪናው በፊት በስልክ ተነጋገሩበት።

ጥበቃዎች ዕቃ ሲወጣ ከኮሚቴ ወረቀት የሚጠይቁበት ሳይት ላይ ከሆናችሁ ወረቀቱን አስቀድሞ ማውጣት የሻጩ ሥራ ነው። ኮሚቴው እሑድ አይገኝም፣ የዳማሱ ሾፌር ደግሞ ለቆመበት ሰዓት ያስከፍላል።

ማቀዝቀዣ ከሆነ ቆሞ ይጫን። ቤት ሲደርስም ወዲያው አይሰካ፣ ጥቂት ሰዓት ይረፍ። ይህን ለገዢው ሳይነግሩ መሸኘት በማግስቱ «አልቀዘቀዘም» የሚል ስልክ መጋበዝ ነው። ያ ስልክ ሲመጣ ምን ይደረግ? ጎረቤት ከሆነ ሄዳችሁ እዩለት፤ ለሳይቱ ሰው አንድ ሳምንት እሰጣለሁ። ከሩቅ የመጣ ሰው አይቶ፣ አስነስቶ፣ ከፍሎ ጭኖታልና ከዚያ ወዲያ ያለው የእሱ ነው፤ እያወቅሁ ያልነገርኩት ነገር ካለ ግን ለጥገናው እከፍላለሁ። የጀሞው ሰውዬ ጥሎት የሄደውን ማቀዝቀዣ በመጨረሻ የገዛችው ከሁለት ብሎክ ወዲያ ያለች ነርስ ናት፣ በ21 ሺህ፣ ሦስት ሺህ ዝቅ ብሎ። ሁለት ወጣቶች በትከሻ ወሰዱላት። ጎማው ላይ ያለችውን ስንጥቅ አሳይቻት ነበር፣ ቴፕ ለጥፋበታለች።

ከሸጣችሁ በኋላ ማስታወቂያው ላይ «ተሽጧል» ብላችሁ ጻፉ፣ አድሚኑንም አሳውቁ። የልጅ አልጋውን ከሸጥኩ ዓመት አልፎታል። ትናንት ማታ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ደውሎ «የመጨረሻው ስንት ነው?» አለኝ።